የፍሎረንስ መነኮሳት የሚገቡበት ካርታ

ቤርጋሞ። አካዴሚያ ካራራ የሚባለው ሙዚየም ያለው ከአሮጌው ግንብ በታች ነው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራፋኤልንና ቤሊኒን ሊያይ ነው፤ እኔ የመጣሁት መጫወቻ ካርታ ፍለጋ ነው። በ1450 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለሚላኑ መስፍን ለፍራንቼስኮ ስፎርዛና ለሚስቱ ለቢያንካ ማሪያ ቪስኮንቲ ቤት የተሳለ ታሮት። ሰዓሊው ቦኒፋቾ ቤምቦ እንደሆነ ይታመናል፤ ስሙ ግን በአንዱም ካርታ ላይ የለም። ከ78ቱ 74ቱ ተርፈዋል። 35ቱ ኒውዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት፣ 26ቱ እዚህ፣ 13ቱ ደግሞ በዚሁ ከተማ በአንድ የቆየ ቤተሰብ እጅ ናቸው። አብረው ተበውዘው አብረው ሊታደሉ የተሠሩ ካርታዎች ዛሬ በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ።

ትልልቅ ናቸው፤ ቁመታቸው 17 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሰው የተሳለባቸው ካርታዎች መደብ ወርቅ ነው። ወርቁ እንዲሁ አልተለበጠም፤ በጥቃቅን መምቻ ነጥብ በነጥብ ተወቅሯል። ራሴን ግራና ቀኝ ባዘነበልኩ ቁጥር ብርሃኑ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይሄዳል። በሻማ ዙሪያ ለተቀመጡ ተጫዋቾች ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከላይ በኩል ቀዳዳ አላቸው፤ አንድ ዘመን ላይ ሰው ግድግዳ ላይ ቸንክሯቸዋል።

የምመኘው ታሮት ገና አልተሠራም፤ እዚህ ቆሜ ግን የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩለት። ነጥቦቹ ይኑሩት፤ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጣትም። ማየት የተሳነው ተጫዋች አውራ ጣቱን በጠርዙ አሂዶ ፀሐይን ከጨረቃ ይለይ። የ1450 ሠራተኞች መሣሪያውም ጥበቡም ነበራቸው፤ ይህን ያሰበላቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

ታሮት ሲባል ለብዙ ሀበሻ ቶሎ የሚታየው የጠንቋይ ቤት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት እፈልጋለሁ። ታሮት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ጨዋታ ሆኖ ነው። በጥንቆላ ስሙ የገነነው በ1781 ፓሪስ ላይ ኩር ደ ጄብላን የተባለ ጸሐፊ ካርታው የጥንት ግብፅ ካህናት ምሥጢር ነው ብሎ ካሳተመ በኋላ ነው። ማስረጃ አልነበረውም፤ የግብፆቹን የሥዕል ጽሑፍ እንኳ ገና ማንም ማንበብ ባልቻለበት ዘመን ነው ይህን ያለው። በአገራችን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጠንቋዮችን ሲያሳድዱ፣ በዚያው ዘመን የሚላን መሳፍንት እነዚህን ካርታዎች እየጣሉ ነጥብ ይቆጥሩ ነበር። እኔም የምፈልገው የሚጫወቱበትን ነው።

አጨዋወቱን የማያውቅ ሰው ሥዕሎቹን ለየብቻ ያያቸዋል፤ ውበታቸው ግን በተራቸው ነው። ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና ዱላ የሚባሉት አራት ዓይነት ተራ ካርታዎች ከማምሉኮች ግብፅ የመጡ ናቸው። ጣሊያኖች በነርሱ ላይ 21 ሥዕልና አንድ እብድ ጨመሩ። ሥዕሎቹ በአደባባይ እንደሚደረግ የድል ሰልፍ ይከታተላሉ፤ የኋለኛው የፊተኛውን ይበላል። ጳጳሱን ፍቅር ይበላዋል፤ ጊዜ የሰዓት አሸዋውን ይዞ ይመጣል፤ ሞት ያን ሁሉ ይጠርጋል። ሰልፉ ግን በሞት አያልቅም። ከሞት በላይ ዲያብሎስ አለ፤ ከዚያ ኮከብ፣ ጨረቃ፣ ፀሐይ፣ እያለ ብርሃኑ እየጨመረ ይሄዳል። እብዱ በቤርጋሞው ስብስብ ውስጥ ቡትቶ የለበሰ፣ ጸጉሩ ላይ ላባ የሰካ ድሃ ነው። ማንንም አይበላም፤ ማንም አይበላውም። ይህን ሕግ ማን እንዳሰበው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚላን። የዛሬው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢ በ1456 በስፎርዛ ትእዛዝ የተጀመረ ሆስፒታል ነበር። የነደፈው ፊላሬቴ ነው። ለዚህ ሰው ስል እዚህ ቅስት ሥር ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ፊላሬቴ ወደ ሚላን ከመምጣቱ በፊት ሮም ላይ የቅዱስ ጴጥሮስን የነሐስ በር ሠርቷል፤ የጨረሰው በ1445 ነው። በበሩ ላይ ካሉት ትናንሽ ቅርጾች መካከል ለአብያተ ክርስቲያናት አንድነት ጉባኤ ፍሎረንስ ድረስ የመጡት የግብፅና የኢትዮጵያ መነኮሳት ይገኛሉ። የእኛዎቹን የላኳቸው በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን አበምኔት የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ ናቸው።

ዓመቶቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ስለ ታሮት እስካሁን ከታወቁት ጽሑፎች ቀዳሚው የመስከረም 1440 ነው፤ ጁስቶ ጁስቲ የተባለ ውል አዋዋይ ፍሎረንስ ውስጥ በ4 ተኩል ዱካት አሠርቶ ለጦር አዝማቹ ለሲጂስሞንዶ ማላቴስታ እንደሰጠ በማስታወሻው አስፍሯል። መነኮሳቱ እዚያችው ከተማ የደረሱት በነሐሴ 1441 ነው። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ካርታ ሲጫወቱ አዩ አልልም። ነገር ግን የታሮት ሰልፍ በከተማው ያለውን ሁሉ ከእብድ እስከ ጳጳስ የሚያሳይ ከሆነ፣ በዚያ ዓመት በዚያ መንገድ ላይ በእግራቸው የሄዱት ሰዎች መቅረት አልነበረባቸውም። በነሐስ የቀረጻቸው ፊላሬቴ ካርታው ለተሳለለት መስፍን አገልግሏል። እኔ የምመኘው እነርሱ ያሉበትን ታሮት ነው።

ንግሥተ ሳባን ጽዋ አስይዞ፣ ላሊበላን ማማ አድርጎ የሚሸጥ ካርታ አልፈልግም። ያ ከውጭ የተለጠፈ ጌጥ ነው። መነኮሳቱን ማንም አይለጥፋቸውም፤ እዚያ ነበሩ።

እዚሁ ሚላን የብሬራ ሙዚየም ሶላ ቡስካ የተባለውን ታሮት ይዟል፤ በ1491 የተሠራ፣ 78ቱም ያልጎደሉ፣ መንግሥት በ2009 የገዛው። እኔ ያየሁት ቅጂውን ነው። ከርሱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ተራ የቁጥር ካርታዎቹ እንኳ ሰው አላቸው። የሚሸከም፣ የሚደክም፣ ጭንቅላቱን የደፋ። የዚህ ታሮት ፎቶዎች በ1907 ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በ1909 በወጣው ታሮቷ ላይ ልብን የሚወጉ ሦስት ሰይፎች ስትስል ያንን ማየቷን ካርታው ራሱ ይመሰክራል። በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠውን ታሮት የሳለችው እርሷ ናት፤ ለብዙ ዘመን ግን ካርታው የሚጠራው በአሳታሚውና ሥራውን ባዘዛት ሰው ስም ነበር። በ1951 ኮርንዎል ውስጥ በድህነት ሞተች። በእኔ ካርታ ሳጥን ክዳን ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው የሰዓሊዎቹ ስም ነው፤ ወርቁን የወቀሩትም ይጻፋሉ።

ሮም ላይ የፊላሬቴን በር አየሁት። ቅርጾቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሕዝቡም ይገፋል። መልካቸውን በቅጡ ለመሳል በቂ ጊዜ አላገኘሁም።

ካፓልቢዮ። ኒኪ ደ ሴንት ፋል ለ22ቱ ሥዕሎች ቤት የሚያህሉ ሐውልቶች ሠርታ በ1998 ለሕዝብ የከፈተችው የታሮት ገነት ኮረብታ ላይ ነው። ሥራው ከተጀመረ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወስዷል። በንግሥቲቱ ሐውልት ሆድ ውስጥ መኝታና ወጥ ቤት አለ፤ ኒኪ ለዓመታት የኖረችው እዚያ ነው። ግድግዳው መስታወት በመስታወት ነው። የአካባቢው ሰዎች፣ ቀድሞ ፖስተኛ የነበረ ሰው ሳይቀር፣ አብረዋት ሠርተዋል። አከበርኳት፤ የምመኘው ግን ይህ አይደለም። እዚህ ሰው ለብቻው ይዞራል፤ ታሮት ደግሞ ከፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል።

ቦሎኛ። እዚህ ዛሬም ይጫወታሉ። የከተማው ታሮት 62 ካርታ ብቻ ነው፤ ከሁለት እስከ አምስት ያሉት ቁጥሮች ወጥተዋል። ካርታዎቹ ጠበብ፣ ረዘም ያሉ ናቸው፤ እጅ ይሞላሉ እንጂ አይከብዱም። የእኔም ልክ ይህ ይሁን። በረንዳ ሥር ባለ ቡና ቤት አራት አዛውንት ሲጫወቱ አገኘሁና ለማየት ፈቃድ ጠየቅኳቸው። ጥንዶቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። መነጋገር ክልክል ነው፤ የተፈቀዱት ምልክቶች ብቻ ናቸው፦ ጠረጴዛውን በጡጫ መምታት፣ ካርታውን መወርወር፣ በጠረጴዛው ላይ ፋቅ ማድረግ። እያንዳንዷ ምልክት ለወዳጅ ናት፤ ጠላትም ይሰማታል። ካርታ ሰዎችን እንዲህ እርስ በርስ ሲያስተያይ የትም አላየሁም።

በሰልፉ መጀመሪያ አካባቢ አራት ፊታቸው የጠቆረ ተዋጊዎች አሉ። ሞሪ ይሏቸዋል። ታሪካቸው ከ1725 ይጀምራል። አንድ ቄስ ባሳተመው ታሮት ላይ ቦሎኛ የምትተዳደረው በቅይጥ መንግሥት ነው ብሎ ጻፈ፤ ከተማዋን የምገዛው እኔ ነኝ የሚለው የጳጳሱ ወኪል ካርዲናል ሩፎ ተቆጣ፤ ካርታው እንዲቃጠል አዘዘ። ነገሩ ሲበርድ ጳጳሳቱና ንጉሠ ነገሥታቱ ከጨዋታው ወጥተው በቦታቸው አራት ሞሪ ገቡ። አራቱ እኩል ናቸው፤ በአንድ ዙር ከወደቁ የሚያሸንፈው መጨረሻ የወደቀው ነው። ስም የላቸውም፤ ከየት እንደመጡም አይታወቅም። ጳጳሱን ላለማስቆጣት የቆሙ ናቸው።

ጨዋታው ጋብ ሲል ነጥብ ለሚጽፈው ሽማግሌ ስለ መነኮሳቱ ነገርኩት።

«ካርታ ልትጨምር ነው? አይሆንም። ቁጥሩ ከተነካ ጨዋታው ይፈርሳል» አለኝ።

«አልጨምርም፣ አባቴ። እነዚህን አራቱን ነው በእነርሱ የምተካው።»

አንዱን ሞሪ አንስቶ አየው። «ታች እኮ ናቸው። ፍቅር ይበላቸዋል።»

«ጳጳሱም የተቀመጠው እዚሁ ነበር፤ እርሱንም ይበላው ነበር።»

«እኩልነታቸውስ? መጨረሻ የመጣው የሚያሸንፈው?»

«እርሱ እንዳለ ይቆይ» አልኩት። በፍሎረንስ ጉባኤ ግሪኮቹና አርመኖቹ በ1439 ተዋሕደው ፈርመው ነበር፤ የእኛዎቹ የደረሱት ከነርሱ በኋላ ነው። ይህን ስነግረው ከፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ጓደኛው በቦሎኝኛ አንድ ነገር አለው፤ ያም ጠረጴዛውን በጡጫ መታ።

ከዚያ የተጫዋች ጥያቄ አመጣብኝ። ካርታ በእጅ ሲዘረጋ የሚታየው ጠርዙ ብቻ ነው፤ አራት ቀሚሳቸው አንድ ዓይነት የሆነ መነኮሳት በምን ይለያሉ? ትክክል ነው። ለአንዱ መቋሚያ ሰጠሁት፤ ጫፉ እስከ ካርታው ራስ ይወጣል። ለሁለተኛው የእጅ መስቀል፣ ለሦስተኛው በማኅደር ያለ ብራና። ለአራተኛው ሽማግሌው የመንገድ ዱላ ይሁን ብሎ ነበር፤ ከመቋሚያው ጋር ይምታታል ስለው በውኃ ቅል ተስማማን። አራቱንም በሂሳብ ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ነድፌ ሰጠሁት። ከላይ ያለው ነጥብ ስንት ይሁን ብሎ ጠየቀኝ፤ ለመቋሚያው አንድ፣ ለመስቀሉ ሁለት፣ ለብራናው ሦስት፣ ለቅሉ አራት አልኩት።