ከሕፃን ጋር መጽሐፍ መግለጥ

ማንበብ የተማረ ሰው ለማን ያነባል? ለራሱ ያነባል። ደብዳቤ ሲመጣለት ያነባል። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የውሃ ሒሳብ፣ የዕድር ደብተር ያነባል። ይህ ሁሉ ትልቅ ጥቅም ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሌላ ዓይነት ንባብ ልነግራችሁ ነው። ይኸውም ሕፃን ልጅን አጠገብ አስቀምጦ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ማንበብ ነው።

የምኖረው በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩ ነው። ዕድሜዬን የገፋሁት በቡና መጋዘን ቡና በመልቀም ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ። እያደርም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጠበት። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ቀን ቡና ስለቅም እውላለሁ፤ ማታ ሀ ሁ እላለሁ። ፊደሉን ከለየሁ በኋላ ግን በቤቴ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ያልተሠራበት ቢላዋ ይዝጋል። ያልተነበበ ፊደልም እንደዚያው ነው።

ንባቤን የመለሰልኝ የልጆች መጽሐፍ ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የማሞ ቂሎን ተረት የያዘ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ተረቱን ብዙዎቻችን በቃል እናውቀዋለን። ማሞ የእናቱን ምክር የሚቀበል ልጅ ነው። ችግሩ ምክሩን የሚሠራበት በማግስቱ መሆኑ ነው። ሠርቶ ያገኘውን ገንዘብ መንገድ ላይ ይጥላል። እናቱ ገንዘቡን በኪሱ መክተት እንደነበረበት ትነግረዋለች። በማግስቱ ወተት ይሰጡታል። እሱ ታዲያ ወተቱን በኪሱ ይጨምረዋል! አህያ ሲሰጡት ደግሞ በትከሻው ይሸከመዋል። እንግሊዞችም ሰነፉ ጃክ የሚሉት የዚሁ ዓይነት ተረት አላቸው። ቂል ልጅና ታጋሽ እናት የሌሉበት አገር የለም ማለት ነው።

መጽሐፉን ያዘጋጁት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። ሥዕሉ የቦጋለ በላቸው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታተመ። አቶ ዮሐንስ በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። በዚያ የብዙ አገር ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ ነበረ። የአማርኛ ግን አጡ። ይህ ቆጫቸውና ራሳቸው አዘጋጁ። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳ ደግሞ አህያ የሚጎትተው የመጽሐፍ ጋሪ አሰማሩ። እኚህ ሰው ለንባብ ብለው የመጀመሪያውን መጽሐፍ የተዋሱት በ19 ዓመታቸው ነው። እንግዲህ ዘግይቶ መጀመር ምን ነውር አለው?

እኔ ፈጣን አንባቢ አይደለሁም። ቃሉን እንደ ቡና ፍሬ በፍሬ ነው የምለቅመው። መጽሐፉን ለልጅ ልጄ ስገልጥለት፣ ሰልችቶት የሚነሳ መስሎኝ ነበር። አልተነሳም። እኔ ፊደሉን እስክለቅም እሱ ሥዕሉን ይለቅማል። አህያውን በጣቱ ይነካና በኦሮምኛ «ሀሬ» ይላል። እኔ «አህያ» እላለሁ። ወተቱን አይቶ «አናን» ይላል። እኔ «ወተት» እላለሁ። ቀስ ብዬ ማንበቤ ለእሱ ጊዜ ሰጠው። በፍጥነት ባነብለት ኖሮ ይህን ሁሉ መቼ ያየው ነበር? ቡና ስንለቅምም እኮ የሚቸኩል ሰው ጠጠር ያሳልፋል።

ከዚህ የበለጠ ጥቅም ደግሞ አየሁ። የልጁ እናት ዓረብ አገር በቤት ሠራተኛነት ትሠራለች። ስትሄድ ልጁ 2 ዓመቱ ነበር። አሁን 5 ዓመት ሆኖታል። ዓርብ ዓርብ ማታ ስልክ ትደውላለች። «ልጄ፣ ደህና ነህ? በላህ?» ትለዋለች። እሱ «እሺ» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ስልኩን ለእኔ ሰጥቶኝ ይሮጣል። ልጁ እናቱን ጠልቶ አይደለም። የሚላትን አጥቶ ነው። ድምፅ ብቻ ለሆነች እናት ሕፃን ምን ይላታል? እሷ ግን እዚያ ማዶ ሆና ስታለቅስ ይሰማኛል።

መጽሐፉን አንድ ወር ያህል ደጋገምነው። አንድ ዓርብ ስልኩ ሲጮህ ልጁ ሮጦ መጽሐፉን አመጣ። ገለጠው። በየሥዕሉ ላይ ጣቱን እያሳረፈ ለእናቱ «ያነብላት» ጀመር። ፊደል አንድም አያውቅም። ከእኔ የሰማውን ግን ከነአነጋገሬ ይዞታል። ቃል ሲከብደኝ ቆም እንደምለው፣ እሱም እዚያው ቦታ ቆም ይላል። እናቱ ሳቀች። «ከዚያስ?» አለችው። «ቆይ፣ ልግለጥ» አላት። ያን ማታ ስልኩን ለእኔ አልሰጠኝም። አሁን ዓርብ በመጣ ቁጥር የሚያወሩት አላቸው። እሷ ገንዘብ ትልካለች። ልጇ ተረት ይልክላታል።

የጎረቤታችን ልጅም ትመጣለች። እሷ በትምህርት ቤት ቁቤ ትማራለች። ዛሬ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍት ታትመዋል። እሷ በቁቤ የተጻፈውን ታነብልኛለች። እኔ በፊደል የተጻፈውን አነብላታለሁ። በእሷ ቤት ኦዱ ዱሪ ሲሉ፣ እኛ ተረት ተረት እንላለን። ነገሩ አንድ ነው። «አኮ፣ ይቺ ምን ትላለች?» ብላ የፊደሉን ስም ትጠይቀኛለች። እኔም የቁቤውን እጠይቃታለሁ። ሴት አያትና ሕፃን እኩል ተማሪ ሆነን እንውላለን።

እንግዲህ እናንተም ይህን ለማድረግ ብትፈልጉ፣ በሥራ ያየሁትን ልንገራችሁ።

1ኛ. መጽሐፉን መጀመሪያ ለብቻችሁ አንብቡት። የከበዳችሁን ቃል አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

2ኛ. ልጁ ሥዕሉን በደንብ በሚያይበት በኩል አስቀምጡት። ገጹን እሱ ይግለጥ። ሁለት ገጽ ቢዘልም አትቆጡት፤ ቀስ ብላችሁ መልሱት።

3ኛ. ስታነቡ ጣታችሁን ከቃሉ ሥር አስኪዱ። ልጁ ንግግር ከዚያ ጥቁር ምልክት እንደሚወጣ እያደር ይገባዋል።

4ኛ. ጠይቁት። «ይህ ምንድን ነው? ምን እያደረገ ነው? አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በሉት። የሚመልሰውን ስሙ። ፈተና አታድርጉበት።

5ኛ. በአፉ በሚቀናው ቋንቋ ተናገሩ። መጽሐፉ በአማርኛ ቢሆን በኦሮምኛ፣ በዳውሮኛ ወይም በከፍኛ አስረዱት። ሥዕል ሁሉንም ቋንቋ ይችላል።

6ኛ. «ድገሚልኝ» ሲላችሁ ድገሙለት። ትልቅ ሰው አንድ መጽሐፍ ሲደጋገም ይሰለቸዋል። ሕፃን ግን የሚቀጥለውን ማወቁ ደስ ያሰኘዋል። የሚማረውም በመደጋገም ነው። እናንተም በዚያው ንባባችሁ ይፈጥናል።

7ኛ. መጽሐፉን በጋዜጣ ወይም በካርቶን ሸፍኑት። ግን ቆልፋችሁ አታስቀምጡት። በልጅ እጅ የተቀደደ መጽሐፍ ይለጠፋል። በሣጥን የተቀመጠ መጽሐፍ ግን ለማንም አይጠቅም።

መጽሐፍ የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ? አንድ ተረት በአእምሮው ይያዝ። ወረቀት አጥፎ በክር ይስፋ። በየገጹ አንድ ሥዕል ይሣል፤ ከሥሩም አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም። ልጁ ራሱ ቢሥለው ደግሞ የበለጠ ይወደዋል።

ምናልባት «እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ለልጅ ማንበብ የምችል አይደለሁም» የሚል ይኖራል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን ሉህ እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ይችላል። የልጆች መጽሐፍ ከዚህ ጽሑፍ ያጠረ ነው። ሥዕሉም ያግዛችኋል። ዛሬ ማታ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃል።