ሆድና ጀርባ

እናቴ ቀኝ ትከሻዋን ማሸት የጀመረችው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። «ብርድ ነው» ትላለች። ቪክስ እንቀባታለን፣ ጋቢዋን ደርባ ትተኛለች። ሐዋሳ ውስጥ ማታ ማታ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ስለሚነፍስ፣ ብርድ መታኝ ያለን ሰው ማንም አይከራከረውም። ምግብ በልታ ከላይ በኩል ሆዷን ሲያማት ደግሞ ስሙ ሌላ ነበር፦ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ»። ብርዱ ለብቻው፣ ጨጓራው ለብቻው። ሁለቱ ከአንድ ቦታ ሊመጡ ይችላሉ ብሎ ያሰበ በቤታችን አልነበረም፤ ከታናሽ እህቴ በቀር።

እህቴ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ናት። እኔም ቢዝነስ የተማርኩት እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ስለነበር፣ እናቴ እስከ ዛሬ «ደቡብ» ነው የምትለው። እውነቱን ለመናገር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ሕክምና የሚያስገባ ነበር። አባታችን ካረፈ ዓመት አልሞላውም፤ ቶሎ ተመርቆ ደመወዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልግ ነበር። ቢዝነስ ያኔ ሦስት ዓመት ነበር፣ ሕክምና ግን ስድስትና ከዚያ በላይ። ዛሬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ቢሆንም እህቴ ነጭ ጋውኗን ለብሳ የወጣች ዕለት ፎቶ እያነሳኋት የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም።

አናቶሚ ስትጀምር ቤታችን ተለወጠ። ከላብራቶሪ ስትመለስ ልብሷ ፎርማሊን ይሸታል። እናቴ ሁለቴ ሳታስታጥባት ወደ እንጀራው አታስጠጋትም። በአገራችን ለትምህርት የሚውለው አስከሬን አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂ ወገን ያልተገኘለት ሰው መሆኑን የሰማች ቀን ደግሞ፣ ቡናዋን አስቀምጣ «የሰው ልጅ አልቃሽ አጥቶ ይቆራረጣል?» አለችና ለረጅም ሰዓት ዝም አለች።

የግንደ አካል ክፍል ሲደርስ ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ማታ ማታ መጽሐፉን ይዤ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ግንደ አካል ማለት ራስ፣ እጅና እግር ሲቀር ያለው ነው፦ ደረት፣ ሆድ፣ ዳሌና ጀርባ። ጎድን 12 ጥንድ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥንዶች ከፊት ከምንም ጋር አይገናኙም። ጉበት በአብዛኛው በቀኝ፣ ጣፊያ በግራ፣ ቆሽት ከጨጓራ ኋላ። እየጠየቅኳት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ስሜታችንን በሙሉ እዚሁ ሰፈር ማስቀመጣችን ነው። ስንናደድ ቆሽታችን ያራል፣ ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፣ ደፋሩ ሐሞተ ኮስታራ ነው፣ ታጋሹ ሆደ ሰፊ። የተጣሉ ሰዎችን ደግሞ ሆድና ጀርባ ሆኑ እንላለን።

ነገሩ የመጣው እንቁጣጣሽ ዕለት ነው። በጉ ታርዶ፣ አራጁ ከጉበቱ ሥር አረንጓዴዋን ከረጢት እንዳትፈነዳ ተጠንቅቆ ሲቆርጣት እህቴ ጎንበስ ብላ ታያለች። «እማዬ፣ ይቺ ከረጢት አንቺም አለችሽ» አለች።

«ሐሞት የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

«ትከሻሽን በሚያምሽ ጊዜ ሆድሽንም ያምሻል?»

እናቴ አሰበች። «ቅባት የበዛበት ከበላሁ… አዎ፣ አንዳንዴ አብሮ ነው።»

እህቴ ማብራራት ጀመረች። ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ ድያፍራም ይባላል። ጽንስ ሳለን መፈጠር የሚጀምረው አንገት አካባቢ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ነርቩን እየጎተተ ይወርዳል። ስለዚህ የድያፍራም ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ነው፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው። የትከሻ ቆዳ ነርቮችም ከዚያው ሰፈር ይነሳሉ። የሐሞት ከረጢት ተቆጥቶ ድያፍራሙን ሲነካካው፣ አንጎል አድራሻው ይምታታበትና «ትከሻ» ብሎ ይመዘግበዋል። በእኔ ሥራ ቋንቋ ቅሬታው ከአንዱ ቅርንጫፍ መጥቶ በሌላው ተመዘገበ ማለት ነው። «በሽታው ይሄ ነው አላልኩም» አለች፤ «ሐኪም ይያት፣ አልትራሳውንድ ትነሳ ነው የምለው።»

መልሴን ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። «ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆነሽ በእናታችን ላይ ትለማመጃለሽ?» አልኳት፤ በእንግዳ ፊት። ላይ ላዩን የመሰለኝ ለእናቴ መቆርቆር ነበር። ከአንድ የግል ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት እያመላለስኩ የምገዛላት እኔ ነበርኩ፤ ዓመት ሙሉ አልትራሳውንድ ያዘዘልንም፣ ይታዘዝልን ያልንም የለም። ውስጥ ውስጡን ግን ያ ማብራሪያ ከእኔ አፍ መውጣት የነበረበት መስሎኝ ነው የተቃጠልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እህቴ በአንድ ቤት ሆድና ጀርባ ሆንን። የማታው ጥናትም ቀረ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እናቴ ስታቃስት ነቃሁ። ታስመልሳለች፣ ሰውነቷ ይፋጃል። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። ተረኛው ሐኪም ጣቶቹን ከቀኝ ጎድኗ ሥር አድርጎ «በደንብ ይተንፍሱ፣ እናቴ» አላት። ስትስብ እስትንፋሷ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ቀና ስል እህቴ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ያቺን ምርመራ በመጽሐፍ ታውቃታለች። አልትራሳውንዱ የሐሞት ጠጠርና የተቆጣ ከረጢት አሳየ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከረጢቷ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ «ይቅርታ» አልኳት። «ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ» አለችኝ፤ ማታ ማታ ስትስት የማርማት እኔ ነበርኩ። ሳቅንም አለቀስንም። ሕክምና አለመማሬ ዛሬም አልፎ አልፎ ይቆጨኛል፤ ያን ቁጭት ግን እህቴ ላይ መጫኔን አቁሜአለሁ።

ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ በቤቱ ሐኪም እንዲሆን አይደለም። የትከሻ ሕመም ሁሉ ሐሞት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ነው። ግን «ብርድ ነው»፣ «ጨጓራ ነው» የምንላቸው ነገሮች ሌላ አድራሻ ሊኖራቸው ይችላል። ደረትን ጨምድዶ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላልና ለነገ አይባልም። እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድ ሕመምም የትርፍ አንጀት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የት እንደሚያማችሁ ብቻ ሳይሆን የት እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ምን ስትበሉ እንደሚብስ ተናገሩ። እኛ ትከሻውን አንድም ቀን ለሐኪም ነግረን አናውቅም ነበር።

እናቴ ድናለች። «ሐሞቴን አውጥተው ፈሪ አደረጉኝ» እያለች ጎረቤት ታስቃለች። ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ቡና አፍልታ ተሰብስበን ሳለ እህቴን ጠራቻት።

«ያ የምትማሪበት ሰው፣ ስሙ ማን ነው?»

«ስሙን አናውቅም እማዬ። ቁጥር ነው ያለው።»

እናቴ ሲኒውን ይዛ ጥቂት ቆየች። «ነፍሱን ይማረው» አለች። ከዚያ ዳቦውን ወደ እህቴ ገፋ አድርጋ፣ «ቁረሽልን» አለቻት። የዚያን ቀን እጅሽን ታጠቢ አላለቻትም።