ጨለማ ውስጥ የሳቀው ማነው?

ጀርመን አገር እንደገባሁ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ብርዱ አይደለም፤ ራምቦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990 ዓ.ም. ለትምህርት ሃምቡርግ ሄጄ በተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠችኝ። በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ማታ የጋራ ማዕድ ቤት ገብቼ እንቁላል ስጠብስ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ቴሌቪዥን ውስጥ ሲልቬስተር ስታሎን ብቅ አለ። ደስ አለኝ፤ የማውቀው ሰው አገኘሁ! እኔ ስታሎንን የማውቀው ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። እዚያ እንግሊዝኛውን ሰምቶ የሚረዳ ብዙ ሰው አልነበረም። ቀድሞ ያየው ላላየው ጮክ ብሎ ይተርክለታል፤ «ጠብቅ፣ አሁን ይፈነዳል!» ይባባላል፤ አክተሩ እንደማይሞት ግን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ያ የቪዲዮ ቤት ወዳጄ አፉን ሲከፍት ጥርት ያለ ጀርመንኛ ተናገረ። እንቁላሉ አረረ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ጀርመኖች የውጭ ፊልም ከግርጌ ጽሑፍ እያነበቡ ማየት ብዙም አይወዱም። የተዋናዩ ድምፅ ይነሳና በምትኩ የጀርመናዊ ድምፅ ይገባል። ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሏቸው። አንድ የሆሊውድ ተዋናይ አንድ ጊዜ ድምፅ ከተሰጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለዓመታት ከዚያው ድምፅ ጋር ይኖራል። ሮበርት ደ ኒሮ ጀርመንኛ የሚናገረው በክርስቲያን ብሩክነር ድምፅ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቶማስ ዳነበርግ የሚባለው ሰው ነው፤ ለስታሎንም ለአርኖልድ ሽዋርዜኔገርም ድምፅ የሆነው እሱ ነበር። በእኛ ሰፈር «ራምቦ ይበልጣል፣ ኮማንዶ ይበልጣል» ተባብሎ ስንት ልጅ ተፈነካክቷል! ለካ ጀርመን አገር ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው።

ሽዋርዜኔገር ደግሞ የባሰ ነው። ሰውየው ኦስትሪያ ተወልዶ ያደገ፣ አፉን የፈታው በጀርመንኛ ነው። አሜሪካ ሄዶ፣ እንግሊዝኛ ተናግሮ፣ ዝነኛ ሆኖ በፊልም ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በገዛ ቋንቋው የሌላ ሰው ድምፅ ተሰጠው። እኔም የሥነ ጽሑፍ መምህር አይደለሁ፣ ነገሩን ምሳሌ ላደርገው ከጀለኝ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ «እኔስ ስመለስ የማን ድምፅ ይሰጠኝ ይሆን?» እያልኩ እተክዝ ነበር። አዲስ መጤ ምን ሥራ አለው? መተከዝ ነው።

ሲኒማ ማዘውተር የጀመርኩት በብቸኝነት ነው ብል ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ሲኒማ ቤት ስለሚሞቅም ጭምር ነው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ቲኬቱ ይረክሳል። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1970 የተከፈተ «አባቶን» የሚባል ሲኒማ ቤት አለ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ የማይረገጥ ስፍራ ማለት ነው። እኔ ግን ረገጥኩት። ችግሩ፣ ሐበሻ ወዳጆቼ «ማታ የት ነበርክ?» ሲሉኝ «አባቶን» ማለቴ ነበር። «አባቴን ምን?» ብሎ የተቆጣኝ አንድ ትልቅ ሰው አሁንም ትዝ ይለኛል።

የጀርመን ሲኒማ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ማስታወቂያው ይረዝማል፤ ከዚያ ፊልሙ ጀመረ ስትሉ መብራቱ ይበራና አንዲት ልጅ አይስ ክሬም የሞላ ሣጥን ይዛ ትገባለች። ውጭው በረዶ፣ ውስጡ አይስ ክሬም! ፈንድሻውም በስኳር ተለውሶ ነው የሚሸጠው። ቡና ሳይፈላ ፈንድሻ መብላት ከበሮ እንደሌለበት ሠርግ ነው የሆነብኝ። ፊልሙ ሲጀመር ደግሞ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። የሚያፏጭ የለም፣ አክተሩን የሚያስጠነቅቅ የለም።

ከአንድ ሰው በቀር። እሱም ጋሼ ነው።

ጋሼ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ እኔ ስደርስ በሃምቡርግ ወደብ ዕቃ ማራገፊያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፊልም ነፍሱ ነው። እኔን «መምህር» ይለኛል፤ ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹ ሽሙጥ። ጀርመኖች መሀል ተቀምጦ፣ ነፍሰ ገዳዩ ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ሲል ጋሼ በአማርኛ «ከኋላህ ነው፣ አንተ ጅል!» ብሎ ይጮኻል። ሰዎቹ ዞር ብለው ያዩናል። እኔ እሸማቀቃለሁ፤ እሱ ምንም አይመስለው።

የእኔ ጣጣ ሌላ ነበር። ቋንቋውን እየተማርኩ ስለነበር ሳቅ ይዘገይብኛል። አዳራሹ በሙሉ ይስቃል፤ እኔ ዐረፍተ ነገሩን ስበትን፣ ግሡን መጨረሻው ላይ ስፈልግ፣ ሲገባኝ… በቃ፣ ሌሎቹ ጨርሰዋል። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ብቻውን «አሜን» እንደሚል ሰው ሆንኩ። ከዚያ ብልጠት ተማርኩ፤ ሳይገባኝም አብሬ መሳቅ ጀመርኩ። ሰው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ለማን ብሎ እንደሚያስመስል እንጃ። ግን አስመሰልኩ።

እናላችሁ፣ በሰዓቱ የሳቅሁበት የመጀመሪያው ቀን በ1991 ዓ.ም. ብርድ ወራት ነው። ፊልሙ የጣሊያኑ ሮቤርቶ ቤኒኚ «ሕይወት ውብ ናት» ነበር፤ በኋላ ኦስካር የተሸለመው። እንደ ዕድል በጣሊያንኛው፣ ከግርጌው በጀርመንኛ ጽሑፍ ነበር የሚታየው። አባትና ትንሽ ልጁ በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ገብተዋል። አንድ የጀርመን ወታደር የካምፑን ሕግ ሊያነብ «ጀርመንኛ የሚያውቅ አለ?» ይላል። አባትየው አንዲት ቃል ሳያውቅ እጁን ያወጣል። ወታደሩ እየጮኸ ትእዛዝ ይሰጣል፤ አባትየው ደግሞ ልጁ እንዳይፈራ ሁሉንም ወደ ጨዋታ ሕግ ይለውጥለታል። ነጥብ አለ፣ ያለቀሰ ነጥብ ይቀነስበታል፣ 1,000 ነጥብ ያገኘ ታንክ ይሸለማል እያለ።

ወታደሩ የሚለውን በጆሮዬ ሰማሁት። አባትየው የሚለውን ከግርጌ አነበብኩት። ሁለቱ አልተገናኙም! ሳቄ ራሱ አመለጠኝ፤ ከት ብዬ ሳቅሁ። አዳራሹ ውስጥ ግን የእኔን ሳቅ የተከተለ አልነበረም። ከፊት ለፊቴ የነበሩ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። ጎኔ የተቀመጠው ጋሼም፣ ያ ሲኒማ ቤት የሚበጠብጠው ጋሼ፣ አልሳቀም። ጀርመንኛው ከብዶት ነው አልኩ በልቤ፤ አሥራ ምናምን ዓመት የኖረበትን ቋንቋ!

በማግስቱ አብራኝ ለምትማር ጀርመናዊት ነገርኳት። ፊልሙን አይታዋለች። «የወታደሩ አጯጯህ አያቴን ይመስላል» አለችኝና ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። ገባኝ። ቋንቋቸውን ይዤ ልደርስባቸው ስሮጥ የከረምኩት ሰዎች፣ ለካ ከቋንቋው ሌላ የሚሰሙት ድምፅ አላቸው። «ምስኪን ጀርመኖች» አልኩ። አያቴ ትዝ አላሉኝም።

በዚያው ዓመት፣ ብርዱ ሲለዝብ፣ የአፍሪካ ፊልሞች በሚታዩበት አንድ ሳምንት የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» መጣ። በአብዮቱ ዓመት በ1966 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን ውስጥ የተቀረጸ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ የበቃ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በአማርኛ! ስለ ባለመሬትና ስለ ጭሰኛ ነው። ጋሼንና ሌሎች ሐበሾችን ሰብስቤ ሄድን። ዛሬስ እናንተ አንብቡ፣ እኔ እሰማለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተሰይሞ ጭሰኞቹን ይሳደባል። ምን ልበላችሁ፣ ስድቡ ዜማ አለው። ሳቅሁ። ጀርመኖቹ ገና ጽሑፉን እያነበቡ እኔ ሳቅሁ፤ ደግሜ ሳቅሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። አያቴ ከ1967 በፊት ደቡብ አገር ባለ ብዙ ጋሻ መሬት ነበሩ። እኔ የደረስኩባቸው መሬቱ ከሄደ በኋላ ነው። በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ኩታ ደርበው፣ የሚሰድቡት ጭሰኛ ስላልነበረ ሬዲዮኑን ይሰድቡ ነበር። የድሮ ስድባቸው እኛ ቤት ቅርስ ነው። በዓል ሲመጣ፣ ጠላው ቀመስ ሲደረግ፣ አንዱ አጎቴ ይነሳና «አባባ አንድ ቀን ገበሬውን እንዲህ ብለውት…» ብሎ እያስመሰለ ያወርደዋል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሰማሁት እሱን ነበር።

መብራቱ ሲበራ ጋሼ ወንበሩ ላይ የለም። ደጅ ሲያጨስ አገኘሁት። ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ሄድን። ብዙ ፌርማታ አለፍን። ከዚያ መስኮቱን እያየ ነገረኝ።

«እኔ የአርሲ ልጅ ነኝ፤ ታውቃለህ» አለኝ። «አባቴ ጭሰኛ ነበር። አማርኛ አይችልም። ከቤታችን ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሰውየው ሲመጣ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። እንደዚያ፣ ዛሬ እንደሰማኸው ያወርድበታል። አባቴ ‘ምን አለ?’ ይለኛል። ‘እህሉ ዘንድሮ እንዴት ነው? ልጆቹስ ደኅና ናቸው ወይ?’ ነው የሚለው እለዋለሁ።»

«አባትህ ያምንህ ነበር?»

«ሰውየው ፊቱ ይታያላ፣ መምህር!» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «አባቴ ግን እያንዳንዱን ጊዜ ‘ደኅና ነን በልልኝ’ ይለኝ ነበር» አለ።

የቤኒኚን ፊልም ያየን ቀን ለምን እንዳልሳቀ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሊወርድ ሲል ዞር ብሎ፣ «የአንተስ ሰዎች ከወዴት ናቸው?» አለኝ። «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ» አልኩት። ውሸት የለበትም። አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት። ግን እሱ የጠየቀኝ እሱን አልነበረም፤ እኔም አውቄዋለሁ። የአያቶቿን ድምፅ ያቺ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ደፍራ ስትነግረኝ፣ እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ የአያቴን ደበቅሁ።

በ1994 ዓ.ም. ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ። ጋሼ እዚያው ቀረ። ለእንቁጣጣሽ ይደውላል፣ እደውላለሁ። ስለ ፊልም እናወራለን። ያንን ግን ከሃያ ዓመት በላይ አላነሳሁትም።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ፋሲካ በሆነ ነገር ምክንያት ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና እየተፈላ፣ ልጄ ተነስታ የቅድመ አያቷን ስድብ አስመሰለች። ከአጎቴ ነው የተማረችው፤ ዜማውን እንኳ አልሳተችም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅሁ ቀና ስል፣ ፈንድሻ በሰፌድ ይዛ የቆመችውን ቤታችን የምትሠራውን ልጅ አየኋት። ከገጠር ከመጣች ዓመት አይሞላትም። አልሳቀችም። ፈንድሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ማታ ሃምቡርግ ደወልኩ። ጡረታ ወጥቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«ጋሼ፣ ያኔ ባቡር ላይ የጠየቅኸኝ ነገር…» አልኩት። «አያቴ ባለመሬት ነበሩ።»

ትንሽ ጸጥ አለ።

«አውቄ ነበርኮ» አለኝ። «አንተ መቼም ሲኒማ ቤት ስትስቅ ከሰው ዘግይተህ ነው። ያን ቀን ግን ቀደምክ።»