ስለ አንድ መንጋጋ

ሰው የሚፈራው ያላየውን ነገር ነው ይባላል፤ እኔ ግን የጥርስ መነቀልን የፈራሁት አይቼው ስለ ነበረ ነው። በ1972 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ አባቴ በገበያ ቀን ጥርስ በሚነቅል አንድ ሰው ፊት በበርጩማ ተቀምጦ፥ ሁለት ጎረቤቶቹ ትከሻውን ይዘውት፥ ሰውዬው መንጋጋውን በጉጠት ሲታገለው በዐይኔ አይቻለሁ። ከአንድ መለኪያ አረቄ በቀር የሚያደነዝዝ መድኃኒት አልነበረም። ጥርሱ ከአንገቱ ተሰብሮ ሥሩ ውስጥ ቀረ፤ አባቴም ጉንጩ አብጦ እህል በወጉ ሳይቀምስ ሳምንታት ሰነበተ። እርሱ አልጮኸም ነበር፤ እኔ ግን ዝምታው ከጩኸት ይልቅ አስፈርቶኝ ከጥርስ ሐኪም ደጅ አርባ አምስት ዓመት ስሸሽ ኖርሁ።

እንግዲህ በታችኛው ግራ በኩል ያለው መንጋጋዬ መበስበስ በጀመረ ጊዜ ያደረግሁትን ልናገር፤ በየቤታችሁ የሚደረግ ነውና አትፍረዱብኝ። በመጀመሪያ ቅርንፉድ ነከስሁ። ቅርንፉድ በእውነት ለጊዜው ያደነዝዛል፤ በውስጡ ያለውን ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም ይሠሩበታል፤ የበሰበሰውን ግን አያድንም። ቀጥሎ የአስፒሪን ክኒን አድቅቄ በድዴ ላይ አኖርሁ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነበረ፤ አስፒሪን የአፍን ሥጋ ያቃጥላልና ድዴ ነጭ ሆኖ ተላጠ። ከመድኃኒት ቤት በራሴ ፈቃድ የገዛሁት ጸረ ተሕዋስያንም እብጠቱን ለአንድ ሳምንት አስታገሠልኝ፤ ከዚያም ተመልሶ መጣ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁ። የጥርሱ ነርቭና የደም ሥር አንድ ጊዜ ከሞቱ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አይኖረውም፤ ስለዚህ ወይ የሥሩ ውስጥ ተጠርጎ ይሞላል፥ ወይ ጥርሱ ይነቀላል።

በ2017 ዓ.ም. ጾመ ፍልሰታ በገባ በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ከጉንጬ ወደ አገጬ ሥር ወረደ፤ አፌም ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት አለ። ምራቅ መዋጥ ጭንቅ ሆነብኝ። እንዲህ ያለው እብጠት የትንፋሽን መንገድ እስከ መዝጋት ሊደርስ ስለሚችል ሌሊት የሚታደርበት ነገር አይደለም፤ እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች።

ሐኪሚቱ ወጣት ነበረች። አፌን ከማየቷ አስቀድማ ስኳር፥ የደም ግፊት፥ የልብ ሕመም እንዳለብኝ፥ ፔኒሲሊን የማይስማማኝ እንደ ሆነ፥ የምወስደውም መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔም በማላውቀው ኀፍረት ተይዤ «ምንም የለብኝም» አልሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና «የግፊት መድኃኒት አለው፤ አስፒሪንም በየቀኑ አንድ ይውጣል» አለች። አስፒሪን የደምን መርጋት ያዘገያል፤ ይህን ያወቀ ሐኪም ተዘጋጅቶ ይነቅላል፥ ያላወቀ ግን ከነቀለ በኋላ ይደነግጣል። (ሐኪሙን ሳያማክሩ በገዛ ራስ ማቋረጥም ሌላ አደጋ ያመጣል።) የልብ ሕመም ያለበትን ልጅ ይዛ የምትሄድ እናትም ይህን ሳትጠየቅ ትናገር፤ ከአፍ የሚነሣ ተሕዋስ በደም ተጉዞ የታመመውን ልብ ሊጎዳ ይችላልና።

ከዚያ «ዛሬ ምን በሉ?» አለችኝ። ጾመኛ መሆኔን፥ የግፊት ክኒኔንም ወደ ማታ ማዛወሬን ነገርኋት። መስተዋቷን አስቀምጣ «ጋሼ፥ ባዶ ሆድዎን መርፌ ብወጋዎት ራስዎን ሊስቱብኝ ይችላሉ። ክኒንዎን ውጠው፥ ጥቂት ቀምሰው ይመለሱ» አለች። እኔም ይህን በር እንዳገኘሁ ደስ ብሎኝ፥ ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ ለማለት ወደ ነፍስ አባቴ ስልክ ደወልሁ። እርሳቸውም ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰምተው «ልጄ፥ ጾም ለሕመምተኛ እንደሚላላ ታውቃለህ። ፍርሃትህን በጾም አትሸፍን» አሉኝ። ይህ ቃል ከመርፌው ይልቅ ወጋኝ። በአቅራቢያው ካለች ሻይ ቤት አጥሚት ጠጥቼ ተመለስሁ።

አስቀድሞ ራጅ ተነሣሁ። መርፌው ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ግን እስከ ዐሥር እስክቆጥር አልዘለቀም። መግል የያዘ ሥጋ ማደንዘዣን በደንብ አይቀበልምና ሐኪሚቱ ከእብጠቱ ርቃ ከመንጋጋዬ ኋላ ነርቩ በሚያልፍበት ወጋች። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ግማሽ ከንፈሬና ግማሽ ምላሴ የእኔ መሆናቸው ቀረ። ከዚህ በኋላ የሚሰማው ግፊት ነው እንጂ ሕመም አይደለም፤ ሕመም የተሰማው ሰው እጁን ያንሣ፥ ማደንዘዣው ይጨመርለታል። የአባቴ ነቃይ ወደ ላይ ይስብ ነበር፤ እርስዋ ግን ችካል እንደሚነቀንቅ ሰው ወደ ጉንጭና ወደ ምላስ ቀስ እያለች ታወዛውዘዋለች፤ አጥንቱ ጥቂት በጥቂት ይሰፋል። የታችኛው መንጋጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሥር አለው። አንደኛው ወጣ፤ ሁለተኛው «ቀጭ» ሲል ድምፁ በራስ ቅሌ ውስጥ አስተጋባ። አባቴ በበርጩማው ላይ ታየኝ። ሐኪሚቱም «ሰምቼዋለሁ፥ አይዞዎት» ብላ የቀረውን ስባሪ በቀጭን መሣሪያ ፈልቅቃ አወጣችው።

የሃርትፎርዱ የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. በሚያስቅ ጋዝ ደንዝዞ የራሱን መንጋጋ አስነቅሏል። ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚወጋውን ሊዶኬይን ደግሞ ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ዓ.ም. ቀምሞታል። አባቴ በዚያ በርጩማ ላይ በተቀመጠበት ዘመን መድኃኒቱ በዓለም ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ወደ እኛ ገበያ ግን አልደረሰም።

ቤት ከገቡ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ከነቀላው አያንስም። የተጣጠፈውን ጎዝ አጥብቆ መንከስ ይገባል፤ ለሌላው ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ለእኔ በአስፒሪኑ ምክንያት አንድ ሰዓት ሆነ። በጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ለአጥንቱ ክዳን ነው። ይህ ክዳን ከተነሣ አጥንቱ ይራቆትና ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመም ይነሣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መጉመጥመጥ፥ አጥብቆ መትፋት፥ በቀሰም መምጠጥ ክልክል ነው፤ የሚያጨስም ለጥቂት ቀናት ይተው። ምራቅ ቀልቶ ቢታይ አያስደንግጥ፤ ጥቂት ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል። ትኩስ ነገርም አይጠጣም፤ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቶችን ጠርታ ሲጠጡ እኔ ሽታውን እያሸተትሁ ዋልሁ፥ ይህም ከነቀላው ይልቅ ከበደኝ ብል ማጋነን አይደለም። በማግሥቱ ከምግብ በኋላ በለብታ የጨው ውኃ ቀስ ብዬ መጉመጥመጥ ጀመርሁ፤ የታዘዘልኝንም መድኃኒት በየሰዓቱ ውጬ ጨረስሁ፤ የቀረውን ጾም በጾም ምግብ ብቻ፥ ሰዓት ሳልጠብቅ ፈጸምሁ። ደሙ አልቆም ካለ፥ ትኩሳት ከመጣ፥ ወይም እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከጨመረ ወደ ሐኪም መመለስ ነው፤ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ያን ጊዜውኑ።

ቆሎ እስከ መስቀል ድረስ በቀኝ መንጋጋዬ ብቻ ቆረጠምሁ። ድዱ ገጥሟል፤ በሥሩ ያለው አጥንት እስኪሞላ ግን ወራት ይፈጃል ብላኛለች ሐኪሚቱ።

ባለፈው እሑድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጉንጯን በእጇ ደግፋ አገኘኋት። አፏን አስከፍቼ ባይ መንጋጋዋ ጠቁሯል። «አባዬ፥ ያማል?» አለችኝ። «መርፌው ያማል፤ የቀረው አያምም፤ ድምፁ ግን ያስፈራል» አልኋት። ይሞላላት ወይም ይነቀልላት እንደ ሆነ ማክሰኞ በራጅ ይታያል፤ ቁርሷን በልታ እንደምትሄድ እናቷ አስቀድማ ነግራታለች።