ትምህርት ቤቱ ቤት ቀየረብን!

ሰው ቤት ሲቀይር አይታችኋል። ትምህርት ቤት ቤት ሲቀይርስ? እኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ የተማርኩበት ትምህርት ቤት እናቴም የተማረችበት ነው፤ አጥሩም ዛፉም ያው ነው። (ዘበኛው እንኳ ያው ናቸው ብል አትሳቁብኝ።)

አሁን የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እህቴ ሌሊት ሌሊት አዛውንቶች መጦሪያ ትሠራለች። የሰባት ዓመት ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ ደግሞ የኔ ሥራ ነው። ጆርጂያ አቬኑን ተሻግረን በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። ነበር!

ትምህርት ቤቱ «ቻርተር» የሚሉት ዓይነት ነው። ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የራሱ፣ ክፍያ የሌለው። መጀመሪያ በሕግ የፈቀደችው ሚኒሶታ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1991። ዋሽንግተን በ1996 ጀምራ ዛሬ በመንግሥት ገንዘብ ከሚማሩት ልጆቿ ግማሽ የሚጠጉት ቻርተር ውስጥ ናቸው። መግቢያው በዕጣ ነው። ዕጣው የወጣልን ዕለት እህቴ እልል ብላ ጎረቤት አስደንግጣለች። ታዲያ ለነዚህ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ገንዘብ ይታሰብላቸዋል እንጂ ሕንፃውን የሚፈልጉት ራሳቸው ናቸው። ብዙዎቹ እንደኛው ተከራይ ናቸው በሉት።

ኪራይ ካነሳን አይቀር... የምናውቃቸው አበሾች ዲሲ ተወዶባቸው አንድ በአንድ ወደ ሜሪላንድ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደዋል። እህቴ አልሄደችም። ለምን? ቤተሰቡ ዲሲ ካልኖረ ልጁ እዚያ በነፃ አይማርም። ለትምህርት ቤቱ ብላ ቤት ያልቀየረች ሴት፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ቤት ቀየረባት እላችኋለሁ።

እንዴት ሳንሰማ ቀረን? እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው፤ ልናዘዝ። በዚህ ከተማ ከ2004 ጀምሮ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በቋንቋው ይነገረው የሚል ሕግ አለ፤ አማርኛም አንዱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በልጁ ቦርሳ በአማርኛ መጣ። «ትምህርት ቤታችን በሚቀጥለው ዓመት ይንቀሳቀሳል፤ ለውይይት ተጋብዘዋል» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላትና «ጎሽ! ዘንድሮ ተኝተው ከርመዋል፣ ይንቀሳቀሱ እንጂ!» አልኳት። ሳቅን። ደብዳቤው ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ፤ የስብሰባው ቀንም አለፈ። እንግሊዝኛው ከጀርባው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ የምለው ሰው ገልብጬ አላየሁትም።

የነገሩን ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ናቸው፤ እንጀራና ሻይ ይሸጣሉ። «እንግዲህ ልትሄዱብኝ ነው» ሲሉን ተያየን። ለካስ ስብሰባው ላይ ከአበሻ እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ወላጅ በሌለበት እኔ ስለ ሻዬ ልናገር? አፈርኩና ተመለስኩ» አሉን። እህቴ መሬት መሬት አየች። እኔማ የምገባበት ጠፋኝ።

አሁን ትምህርት ቤቱ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ሁለት አውቶቡስ፣ መንገድ ከተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት በላይ። አውቶቡሱ ለተማሪ ነፃ ነው፤ ለኔ ግን አይደለም። ልጁ ትከሻዬ ላይ እየተኛ ይሄዳል።

ገንዘቡን ተዉት። ድሮ እህቴ ከሥራ ስትመለስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወርዳ ትጠብቀን ነበር። ኮሌታውን ታስተካክላለች፣ ቁርስ መብላቱን ትጠይቃለች፣ ስማው ልትተኛ ትሄዳለች። ሩብ ሰዓት ብትሆን ነው። አሁን እሷ ስትመጣ እኛ ሄደናል። ማታ ደግሞ እሱ ራቱን ሳይጨርስ እሷ ኮቷን ትለብሳለች። ባለፈው ሳምንት የፊት ጥርሱ ወለቀ፤ እናቱ ያወቀችው በሁለተኛው ቀን ነው።

ዕቁባችንም አለቀለት። አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ ዓርብ ዓርብ እዚያው በር ላይ እንጥላለን፣ ጋሼ ሱቅ ሻይ እንጠጣለን። አንዷ ልጇን ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት አዛወረች፤ ሁለቱ ሜሪላንድ ገቡ፤ መኪና ያላቸው አድርሰው ይበራሉ። ዙሩ ሲያልቅ እንደገና እንጀምር ያለ ሰው የለም። ጋሼም ጠዋት መክፈት ትተዋል።

እውነቱን ላውራ ካልኩ ግን አዲሱ ሕንፃ ያምራል። የድሮው ሜዳ አልነበረውም፤ ልጆቹ የሚጫወቱት መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር። አሁን ሣር ያለው ሜዳ አላቸው። ልጁን «ይሻልሃል ወይ?» ብለው «ኳስ አለ» አለኝ። ምን ልበለው?

እህቴ ሰሞኑን የሲልቨር ስፕሪንግ ኪራይ ስታጠያይቅ ከርማለች። ብንሄድ ኪራዩ ይቀንሳል፤ አዲሱ ትምህርት ቤት በእግር ይሆናል፤ ጠዋት ልጇን ታገኘዋለች። ግን በዕጣ ያገኘነው ቦታ ይቀራል፤ ልጁም ገና የለመደውን ኳስና ጓደኞቹን ትቶ እንደገና ሀ ብሎ ሊጀምር ነው። «አንቺስ ብትሆኚ?» አለችኝ ትናንት፣ ኮቷን እየለበሰች። ከደብዳቤው ወዲህ ምክር መስጠት እፈራለሁ። አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ብዬ «ነገ እናወራለን» አልኳት።

እናንተ ብትሆኑስ? ጻፉልኝ እስቲ።