በፍሬኑ ውስጥ የገባ አየር

ከሆሞሻ ወደ አሶሳ በአሮጌ መኪና የሚመላለስ ሰው የፍሬንን ዋጋ ያውቃል። መንገዱን ከብት ይሻገራል፤ ልጆች ይሮጣሉ፤ ከፊት ያለው ድንገት ይቆማል። የእኛ መኪና ደግሞ የቤተሰባችን ብቻ አይደለችም። ጎረቤት ሲታመም ሐኪም ቤት ታደርሳለች፤ እሑድ አረጋውያንን ወደ ጸሎት ቤት ታመጣለች። ስለዚህ የፍሬኗ ፔዳል እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ ጉዳዩ የነፍስ ጉዳይ ነበር።

ደጋግመን ስንረግጠው ፔዳሉ ከፍ ብሎ ጠነከረ። “ይኸው ያዘ እኮ፤ እንሂድ” አለ ከመካከላችን አንዱ። ጥቂት ቆይተን ስንረግጠው ግን መልሶ ለሰለሰ። ይህ ብዙ ጊዜ በዘይቱ መስመር ውስጥ አየር መግባቱን ያሳያል። ዘይት ሲጫኑት ታምቆ አያንስም፤ የእግርን ኃይል እስከ ጎማው ያደርሳል። አየር ግን ይታመቃል፤ ኃይሉን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመን ታኮ አደረግንላት። የዘይቱን መጠን አየን፤ ከጎማዎቹ በስተ ውስጥ የሚያፈስ ነገር እንዳለ ፈተሽን። የሚያፈስ ቢኖር፣ ወይም ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ታች ቢወርድ፣ መኪናዋ ሳትነዳ መካኒክ መጥራት ይገባ ነበር። የእኛዋ አላፈሰሰችም፤ ዘይቷ ግን ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል።

አየሩን ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ያላላል፤ ዘይትና አረፋ በቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወጣል። ብሎኑ ሳይጠብቅ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ከፍሬን ማስተሩ በጣም ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀምረን፣ አዲስ ዘይት እየጨመርን አረፋው እስኪያልቅ ቀጠልን። ፔዳሉ ከመጀመሪያው ርግጫ ጠነከረ። ከዚያም በግቢ ውስጥ ቀስ ብለን ሞከርናት።

ወገኖች ሆይ፣ በመንፈሳዊ ሕይወታችንም ደጋግሞ መርገጥ አለ። ኮንፈረንስ፣ የጾም ሳምንት፣ የአዳር ጸሎት መልካም ናቸው። ነገር ግን ያልተፈታ ቂም ወይም የተሰወረ ኃጢአት በውስጣችን ተቀምጦ ከሆነ፣ እሑድ የጠነከረው ልብ ማክሰኞ ይለሰልሳል። ፈተና ደግሞ ሁለተኛ ርግጫ እስክንረግጥ አይጠብቅም።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 16 መናዘዝንና ስለ ሌላው መጸለይን አብሮ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። ይቅር የሚለን በደሙ የዋጀን ጌታ ብቻ ነው፤ ወንድማችን ግን ስንከፍት እግሩን ሳያነሣ አብሮን ይቆያል። ስለዚህ የሰማውን የማያወራ፣ ጸሎቱንም የማያቋርጥ ሰው ያስፈልገናል፤ እኛም ለሌላው እንዲህ ያለ ሰው እንሁን።

ጌታ ሆይ፣ በውስጣችን የተሰወረውን ግለጥልን፤ የምንከፍትበትን ድፍረት፣ አብሮን የሚቆምም የታመነ ወገን ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።