ከመሳፈር በፊት መነጋገር

ሰው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ስንቁንና ልብሱን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ያደገበትንም ልማድ ይዞ ይሄዳል። ልማድም እንደ ቋንቋ ነው፤ በአንዱ አገር የታወቀው በሌላው አገር አይታወቅም። ስለዚህ ሁለት ቅን ሰዎች፥ ልማዳቸው ስለ ተለያየ ብቻ፥ አንዱ ሌላውን አታላይ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል።

በኤውሮፓና በአሜሪካ መኪና የሚፈልግ መንገደኛ ከጎዳና ዳር ቆሞ አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ያሳያል። ይህም «መንገድህ በመንገዴ ከሆነ አሳፍረኝ» ማለት ነው። የወደደ ነጂ ያሳፍረዋል፤ ብዙውን ጊዜም ዋጋ አይቀበለውም። በኢትዮጵያ ግን መንገደኛ መኪና የሚያስቆመው መዳፉን ወደ ታች አድርጎ እጁን በማወዛወዝ ነው። በጭነት መኪና ከነጂው አጠገብ የተቀመጠም ሰው እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ዋጋ መክፈሉ የተለመደ ነው።

የላሊበላ ከተማ በላስታ ተራሮች መካከል ይገኛል። የቀድሞ ስሙ ሮሃ ነበር። ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ዓመተ ምሕረት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። እንግዶች ከሩቅ አገር ሊያዩአቸው ይመጣሉ፤ ለገና በዓልም እጅግ ብዙ ምእመናን በእግርና በመኪና ይሰበሰባሉ። በዓሉ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደየአገሩ ስለሚመለስ አውቶቡሶቹ ይሞላሉ።

በእንዲህ ያለ ቀን አንድ የውጭ አገር ሰው መቀመጫ አጥቶ ከከተማው ዳር ቆመ፤ አውራ ጣቱንም አሳየ። ሕፃናት ሰላምታ መስሏቸው እነርሱም አውራ ጣታቸውን እያሳዩት ሳቁ። መኪናዎቹ ግን አለፉ። ከቀትር በኋላ አንድ የጭነት መኪና ነጂ አዘነለትና ቆመ። እንግዳው ዋጋ ሳይጠይቅ ደስ ብሎት ገባ፤ ነጂውም ዋጋ ሳይነግረው ነዳ። ከበዓሉ የሚመለሱ አንዲት አሮጊትም በመካከላቸው ተቀምጠው ነበር።

60 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ጋሸና ደረሱ። ጋሸና መንገድ የሚለያይበት ስፍራ ነው፤ አንዱ በምሥራቅ ወደ ወልድያ፥ ሌላው በምዕራብ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ ይወስዳል። ቦታው ደጋ ስለ ሆነ ሲመሽ ብርዱ ይበረታል። በዚያ ነጂው መዳፉን ዘርግቶ «ሒሳብ» አለ። እንግዳው በከተማው ሳለ አስጎብኚውም ጫማ ጠባቂውም ገንዘብ ጠይቀውት ነበርና፥ ይህም ሊያታልለኝ ነው ብሎ ተቆጣ። ነጂውም ዋጋዬን ሊያስቀርብኝ ነው ብሎ ሻንጣውን ያዘበት። ፀሐይም ልትጠልቅ ቀርባ ነበር። ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ተሰበሰቡ።

ከእነርሱ መካከል ጥቂት እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ተማሪ ነበረ። ነጂውም «50 ብር ነው፤ ንገርልኝ» አለው። ከተሰበሰቡት አንዱ ግን ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ ብሎ «እንግዳ ምን ያውቃል? 200 ብር ተቀበለው፤ ለነጂው 50ውን ሰጥተን የቀረውን እንካፈላለን» አለው።

ተማሪው ድሀ ነበረ፤ ደብተሩም አልቆበት ነበር። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ወደ አሮጊቷ ዞሮ «እማማ፥ እርስዎ ስንት ከፈሉ?» ሲል ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

«50 ብር ከፈልሁ፥ ልጄ» አሉት።

ልጁም ለእንግዳው «እኚህ እናት 50 ብር ከፍለዋል፤ የአንተም ዋጋ ያው ነው፤ የአገሩ ልማድ ነው» አለው። እንግዳውም ቁጣው በርዶ የአገሩን ልማድ ነገረው። ልጁም ወደ ነጂው ዞሮ «ጋሼ፥ በእርሱ አገር መንገደኛን ያለ ዋጋ ያሳፍራሉ፤ ሊያታልልዎ ፈልጎ አይደለም» አለው። እንግዳው አፍሮ 50 ብሩን ከፈለ። ነጂውም ሻንጣውን መለሰለት፤ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሌላ መኪናም አስቁሞ፥ የዚያን ዋጋ አስቀድሞ በተማሪው አፍ አስነገረለት። ሹክ ያለው ሰው ከዚያ ስፍራ ዘወር ብሎ ነበር። ተማሪውም ያለ ደብተር ወደ ቤቱ ገባ።

ልጆች ሆይ፥ ልብ አድርጉ። እንግዳውም ነጂውም ክፉዎች አልነበሩም፤ ከመሳፈራቸው በፊት አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ቀሩ እንጂ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ልጁም ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ፥ እንግዳው የአገሩን ሰው ሁሉ እያማ በሄደ ነበር፤ ያዘነለት ነጂም ባልሠራው በደል ሌባ በተባለ ነበር። እንግዳ ቋንቋችንን ስለማያውቅ ሊመረምረን አይችልም፤ ያለው እምነት ብቻ ነው። እንግዲህ እናንተ በሰው መኪና ስትሳፈሩ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እንግዳ ዋጋ ሲጠይቃችሁም ለእናታችሁ የምትነግሩትን ዋጋ ንገሩት።